የኦርደር ባይ ጫፍ

የውሃ ቆጣሪ ንባብ የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ እናስብ። እያንዳንዱ ቆጣሪ ብዙ ንባብ አለው፤ የሚፈለገው የየቆጣሪው የቅርብ ጊዜ ንባብ ብቻ ነው። የኤስኪውኤል ባለሙያ እጁ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ተራ ሥራ ላይ ነው።

ጀማሪው ቆጣሪዎቹን በግሩፕ ባይ ሰብስቦ በማክስ ትልቁን ቀን ያወጣል። ቀኑ ልክ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠው መጠን ግን ከሌላ ረድፍ የመጣ ሊሆን ይችላል። ማይኤስኪውኤል ይህን ለዓመታት ዝም ብሎ ሲያሳልፍ ኖሮ፣ በነባሪ ቅንብሩ መከልከል የጀመረው በ5.7 ስሪት ነው።

የበሰለው ባለሙያ የየቆጣሪውን ረድፎች በፓርቲሽን ባይ ይለያል፤ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ይደረድራል፤ በሮው ነምበር ተራ ቁጥር ይሰጥና 1 ቁጥር የደረሰውን ብቻ ያስቀራል። ረድፉ ሳይበታተን እንዳለ ይወጣል። ፖስትግሬስ ውስጥ ዲስቲንክት ኦን ይህንኑ በሦስት መስመር ይጨርሰዋል። ከመደበኛው ኤስኪውኤል ውጭ ስለሆነ ወደ ብዙዎቹ ሌሎች ዳታቤዞች ይዘውት አይሄዱም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የማደንቀው የኦርደር ባይን ጫፍ ነው። ብዙዎች በጊዜ ደርድረው ያቆማሉ። አንድ ንባብ ሲታረም የድሮው ጊዜ እንዳለ ተይዞ አዲስ ረድፍ ቢገባስ? ሁለት ረድፎች እኩል ይሆናሉ፤ ዳታቤዙ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ሊያነሳ ይችላል፤ የስህተት መልእክትም የለም። ጠንቃቃው ከጊዜው ቀጥሎ የረድፉን መለያ ቁጥር፣ እሱንም ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ይጨምራል። መለያ ቁጥሩ ረድፍ በገባ ቁጥር እያደገ የሚሄድ ከሆነ፣ ኋላ የገባው እርማት ሁልጊዜ ይቀድማል። ፖስትግሬስ ደግሞ ከትልቅ ወደ ትንሽ ሲደረድር ነሉን ፊት ስለሚያስቀምጥ፣ ጊዜው ያልተሞላ ረድፍ የቅርብ ተብሎ እንዳይወጣ ነልስ ላስት ያስፈልጋል።

ኢንዴክሱም በኩዌሪው ልክ ይሰፋል፦ ቆጣሪ፣ ጊዜ፣ መለያ ቁጥር፣ በዚያው አቅጣጫ። ንባቡ እጅግ ሲበዛ ባለሙያው ከቆጣሪዎቹ ሰንጠረዥ ተነስቶ በላተራልና በሊሚት 1 ለየቆጣሪው አንድ ረድፍ ብቻ ያነሳል፤ የቀረው ታሪክ አይነካም።

የሌላ ሰው ኩዌሪ እንዲገመግሙ ሲሰጥዎት፣ ንባብዎን ከኦርደር ባይ መጨረሻ ይጀምሩ።