ዳግማዊ ምኒልክ በሁለት ብዕር

ከጉለሌ በላይ ባለችው በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በአጠገቧ ያለውን ቤተ መዘክር የጐበኘ ሰው የዘመኑን አልባሳትና ንዋየ ቅድሳት ተጠብቀው ያገኛቸዋል። የንጉሡ ዝና ግን እንዲህ ባለበት ተጠብቆ አልቈየም፤ ጸሐፊው በተለወጠ ቍጥር አብሮ ሲለወጥ ኖሯል።

ለዚህም ሁለት መጻሕፍትን እናነጻጽር። የመጀመሪያው በ1901 ዓ.ም. በሮማ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ዳግማዊ ምኒልክ» ነው። የአማርኛውን ለዛ የሚክድ የለም፤ እኛም ደጋግመን አንብበን አልጠገብነውም። ነገር ግን ደራሲው ምኒልክን ከፍ ለማድረግ ዐፄ ዮሐንስን ዝቅ ማድረግ የሚያስፈልግ መስሎታል። ውዳሴው ሚዛን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። (ይኸው ብዕረኛ በጠላት ወረራ ዘመን ለኢጣልያ አድሮ «አፈ ቄሣር» መባሉን ስናስብ፣ ምስጋናው ስንት ያወጣ ነበር ያሰኛል።)

ሁለተኛው የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ነው። በአሥመራ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1912 ሲሆን፣ ንጉሡ ገና በሕይወት፣ ነገር ግን በጽኑ ሕመም ላይ ነበሩ። ገብረ ሕይወት የአፈወርቅን ቋንቋ ያደንቃል፤ ታሪክ ጸሐፊ ሊኖረው የሚገባውን አለማዳላት ግን አጥቶበታል። ከዚያም የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት እንዲለይ፣ ግብሩ ሥርዐት እንዲይዝ፣ ትምህርት እንዲስፋፋ ይመክራል። ንጉሥን በሥራው መመዘን ይህ ነው፤ ከቤተ መንግሥት አጫፋሪ ይልቅ ለምኒልክ ክብር የሠራ ይህ ሰው ይመስለናል።

ከዚያ ወዲህ የተከተልነው ግን የመጀመሪያውን መንገድ ነው። ሐውልታቸው በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ ፋሺስቶች ነቀሉት፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ክርክሩ ጠነከረ። አንዱ ወገን የ1888ቱን የዓድዋ ድል ብቻ ይተርካል፤ ሌላው በደቡብና በምሥራቅ የተደረገውን ዘመቻና የወረደውን መከራ ብቻ ይቈጥራል። የአኖሌ ሐውልት በ2006 ዓ.ም. በአርሲ ቆመ፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ ተከፈተ። ወቃሹም አወዳሹም የሚጽፈው በአፈወርቅ ስልት ነው፤ የተለዋወጠው የሚሰደበው ሰው ብቻ ነው። ዓድዋንና አርሲን በአንድ ቅጽ ውስጥ፣ ሳያሳንስና ሳያጋንን የሚጽፍ ደራሲ ቢገኝ፣ በመጀመሪያ ገጹ ላይ ልንፈልግ የምንሻው የገብረ ሕይወትን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሕዝቡ በዚያ መንግሥት ሥር እንዴት ኖረ የሚለው ነው።