አይጧ፣ ጉድጓዱና የሃልዴን ቀልድ

ሆሞሻ ባዮሎጂ ሳስተምር በየዓመቱ ወደ ክፍል ይዤው የምገባ አንድ አጭር መጣጥፍ ነበር፦ ብሪታንያዊው ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ ትክክለኛ የሰውነት መጠን የጻፈው። ዛሬም እወደዋለሁ። ግን አንድ ቦታ ላይ ያስቆመኛል።

ክርክሩ ቀላል ነው። አንድን ሰው በቁመት፣ በወርድና በውፍረት 10 እጥፍ አሳድጉት። ክብደቱ 1000 እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱን የሚሸከመው የአጥንት ስፋት ግን 100 እጥፍ ብቻ። ስለዚህ እያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር አጥንት የቀድሞውን 10 እጥፍ ትሸከማለች። ያ ግዙፍ ሰው ገና ሲራመድ ጭኑ ይሰበራል። ጋሊሊዮ ይህን በ1638 ጽፎታል፤ ሃልዴን ግን የተረት ግዙፎችን አምጥቶ እያሳቀ ያስረዳናል። መጠን ሲለወጥ ቅርጽም መለወጥ አለበት፦ ሚዳቋ ትልቅ እንድትሆን ወይ እንደ አውራሪስ አጭርና ወፍራም እግር፣ ወይ እንደ ቀጭኔ ያጠረ ሰውነትና የተንሰራፋ ረጅም እግር ያስፈልጋታል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። አጻጻፉ ሚዳቋዋ ራሷ የምትመርጥ ያስመስላል። የሚመርጥ የለም፤ በብዙ ሺህ ትውልድ ውስጥ እግሩ ያልቻለው ዘር ሳይተካ ይቀራል እንጂ። ተማሪ ይህንን ካልነገሩት «እንስሳው አስቦበት ነው» ብሎ ይሄዳል።

ዋናው ነገር ግን የአይጧ ነው። አይጥ ጥልቅ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ብትወድቅ፣ ከክብደቷ አንጻር ቆዳዋ ሰፊ ስለሆነ አየሩ ይይዛታል፤ ትንሽ ደንገጥ ብላ ትሄዳለች። ትልልቆቹ እንስሳት የሚሆኑትን ሃልዴን እንደ ቀልድ ደርድሮ ያልፋል። እኔም እንደዚያው እያሳቅሁ አስተማርኩ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ወንድሜ ግን ተሰበረ» አለኝ።

በዚህ አካባቢ ወርቅ በእጅ ይቆፈራል። ጉድጓዱ ጠባብ ነው። «ቀጭን ስለሆነ የሚወርደው እሱ ነበር» አለ ልጁ። አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ቤት ውስጥም «ሳትጠነቀቅ ነው» ይሉታል።

የመጣጥፉ ጉድለት ያኔ ታየኝ። ሃልዴን ለእያንዳንዱ እንስሳ የሚስማማ መጠን አለ ይላል፤ «ለየትኛው ሥራ?» የሚለውን ግን አጥብቆ አይጠይቅም። የልጁ ወንድም ለመግባት ልክ ነበር፤ ለመውደቅ ግን ከአይጧ እጅግ ይከብዳል። አንዱ ሰውነት ለአንዱ ተግባር ትክክል፣ ለሌላው አደጋ ነው። ደግሞ ሃልዴን ጉድጓድ የማያውቅ ሰው አልነበረም። አባቱ የማዕድን ጉድጓዶችን አየር የሚመረምር ሳይንቲስት ነበር፤ ልጁንም ይዞት ይወርድ ነበር። እያወቀ ቀለደ።

በመጨረሻ ሕጉን ወደ መንግሥታት መጠን ሲወስደው አልከተለውም። አገር አጥንት የለውም፤ የስፋትና የክብደቱ ስሌት እዚያ አይሠራም።

መጣጥፉን ግን አልተውኩትም። በማግስቱ ስሌቱን ሰሌዳው ላይ እንደገና ሠራሁት፤ በዚህኛው ጊዜ ማንም አልሳቀም። ልጁ ደብተሩ ላይ ገለበጠው። «ለወንድሜ አሳየዋለሁ፤ ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ» አለኝ።