ከጣሪያ የሚወርድ ልምላሜ

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚያቀናው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሰርቦ፣ ቡና በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር በሚያድግበት አገር፣ ሐመልማልን በቤት ውስጥ ከጣሪያ ማንጠልጠል ባዕድ ጥበብ ሊባል አይገባውም፤ ሥነ ፍጥረት ራሷ በዚያ ጫካ ኦርኪዱንና ፈርኑን በታላላቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ሰቅላ፣ ሥራቸው ምድርን ሳይነካ፣ የተሸከማቸውንም ዛፍ ጭማቂ ሳይመጥጡ፣ ከዝናቡና ከጉሙ እርጥበት፣ በቅርፊቱም ላይ ከተጠራቀመው ብስባሽ ሲሳያቸውን እንዲያገኙ አድርጋለችና። የገበሬውም ቤት የበቆሎን ዘር ከምድጃው በላይ ሰቅሎ፣ በጢሱ ከነቀዝ ሲጠብቀው ኖሯል።

እኔ አብልጬ የማደንቀው፣ የዕፀዋት ሊቃውንት ክሎሮፊተም የሚሉትን፣ ትውልዱም ከዚሁ ከአፍሪካ የሆነውን ተክል ነው፤ በአሮጌ የወተት ጣሳ ተተክሎ በመስኮት አጠገብ ሲሰቀል፣ ነጭ መስመር ያለበት ረጅም ቅጠሉ እንደ ጸጉር ይዘናፈላል፣ ከመካከሉም ቀጭን ዘንግ ወጥቶ፣ ጥቃቅን ነጫጭ አበቦች ካወጣ በኋላ፣ ገና በአየር ላይ ሳሉ ሥር ያወጡ ልጆቹን በጫፉ ተሸክሞ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ግርማ መሬት ላይ የተቀመጠ ማሰሮ ከቶ ሊያሳየን አይችልም።

ውኃ የጠጣ አፈር ከባድ ስለሆነ ጣሳው ከኮርኒሱ ሳይሆን ከሞራሌው ላይ በጠንካራ ሽቦ ይታሰር፤ ከቆርቆሮ ሥር ያለው አየር ስለሚሞቅም አፈሩ ቶሎ ይደርቃልና በጣት እየተዳሰሰ ውኃ ይጠጣ። ቡቃያውን ለማግኘት ገንዘብ አያሻም፤ አንባቢ ሆይ፣ ከጎረቤትዎ አንዲት ልጅ ለምነው ይትከሉ።