በግቢ ውስጥ ነፍስ የምትዘራ ቮልስ

አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት የቆመች ቮልስ ገዝተው፣ በየቅዳሜው ከግቢያቸው ጥግ ተጎንብሰው ነፍስ የሚዘሩባትን ሰዎች ከልቤ አደንቃለሁ። ጋራዥ የላቸውም፤ ሙያቸውም መካኒክነት አይደለም።

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ፣ አሲድና እርጥበት ሲፈራረቁበት የኖረው ወለል በዝገት ተበልቶ ይገኛል። የዛገውን ላሜራ ቆርጠው አዲስ ይበይዱበታል። ወለሉን እንዳለ ትቶ ከላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም መቀባት ለእኔ እድሳት አይደለም። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የለውም። ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ከተፈቱ በክሪክ ተደግፎ ይወርዳል፤ እቤቱ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። የጎደለ ዕቃ ካለ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል።

የዚህች ዓይነት ቮልስ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ የተመረተችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። አንዷ ተቆራርጣ ለቆራሌው ስትሸጥ ምትክ አይመጣላትም፤ ካርቡራተርን በጆሮ እያዳመጡ የማስተካከል እውቀትም አብሯት ይሄዳል። ልጆቻቸውን መፍቻ አቀባይ አድርገው የሚሠሩትንማ ይበልጥ አመሰግናቸዋለሁ።