ከባቡር የወደቀ ቦርሳ

ለኅብረታችሁ የፊልም ምሽት የሚያስቅ፣ ግን ስለ ገንዘብ የሚያነጋግር ሥራ ከፈለጋችሁ «ሚሊየንስ»ን እዩ። ዳኒ ቦይል በ2004 እ.ኤ.አ. የሠራው የእንግሊዝ ፊልም ነው። ከቤተሰብ ጋር ይታያል፤ ብቻ አባታችሁ አጠገባችሁ ካሉ አንድ ቦታ ላይ ዝም ማለታቸው አይቀርም።

እናታቸው የሞተችባቸው ሁለት ወንድማማቾች፣ አንቶኒና ዴሚያን፣ ከአባታቸው ጋር አዲስ ቤት ይገባሉ። ታናሹ ዴሚያን በባቡር ሐዲድ ዳር ካርቶን ገጣጥሞ በሠራት ጎጆ ውስጥ ሳለ በገንዘብ የታጨቀ ቦርሳ ይወድቅበታል። በፊልሙ ዓለም ግን እንግሊዝ ፓውንድን ትታ ዩሮ ልትጀምር የቀራት ጥቂት ቀን ነው። በ2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ አሮጌ ብር ይዞ ባንክ በር ላይ የተሰለፈ ሰው ጥድፊያው ይገባዋል፤ ለእኛስ ሦስት ወር ተሰጥቶን ነበር።

አንቶኒ ስለ ቤት ዋጋ ያጠናል። ዴሚያን ለድሆች መስጠት ይፈልጋል፤ ድሃ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። በቀላል ኑሮ የሚኖሩ የሞርሞን ሰባኪዎች ችግረኞች መስለውት ገንዘቡን በበራቸው ቀዳዳ ይከትላል፤ እነርሱ የቤት ዕቃ ይገዙበታል። ሳቁ ወደ እኛም ይዞራል። ያልታሰበ ገንዘብ እጁ ሲገባ «ጌታ ሰጠኝ» ለማለት እንደ እኛ የሚፈጥን ማን አለ? ዴሚያንም እንዲሁ ብሎ ነበር፤ ኋላ የተሰረቀ መሆኑን እስኪሰማ።

ከሁሉ የበለጠብኝ የአባትየው ነገር ነው። ገንዘቡን ሲያገኝ ሊመልስ ያስባል። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ቤቱ ተዘርፎ፣ ተበታትኖ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ገንዘቡ የእኛ ነው ይላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ተበድሎ ነው። የሌላውን ገንዘብ ካሣዬ ብሎ ሲጠራው ልትፈርዱበት አፋችሁን ትከፍቱና ትተዉታላችሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ዴሚያን ቅዱሳንን ያያል፣ ያነጋግራልም። አንዳንዶቻችሁን ይከብዳችሁ ይሆናል፤ እኔ የልጅ ምናብ ብዬ አለፍሁት። ጴጥሮስን ግን ማለፍ አልቻልሁም። ለልጁ ስለ አምስቱ እንጀራና ሁለቱ ዓሣ ሲነግረው፣ ሕዝቡ ምግብ በየኪሱ ደብቆ እንደ ነበር፣ የብላቴናውን ልግስና አይቶ የየራሱን እንዳወጣ ያስረዳዋል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ የወንጌሉ ታሪክ ግን አይደለም። ዮሐንስ 6፥13ን አንብቡ፦ የሞላው አሥራ ሁለቱ መሶብ ከአምስቱ የገብስ እንጀራ የተረፈ ነው፣ ከሰው ኪስ የወጣ አይደለም። ሕዝቡስ ቢሆን የየራሱን ምሳ ስላወጣ ኢየሱስን ሊያነግሥ ይነሣ ነበር? ፊልሙ ልግስናን ከፍ ለማድረግ ሲል ተአምሩን አሳንሶታል። በዚህ ከወንድሞች ጋር እስከ ምሽት ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም አልተውሁም።

ነገር ግን የተደበቀው ምግብ አለቀቀኝም። በቀጣዩ እሑድ የመባው ከረጢት እኔ ዘንድ ሲደርስ ኪሴ ውስጥ አንድ መቶ ብርና አንድ አሥር ብር ነበሩ። አሥሯን ፈልጌ አወጣሁ።