የዋግ ረሃብና የተቆረጠው ጥቅስ

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከሰቆጣ ዙሪያ እህል ፍለጋ ወደ ኮረም የጎረፈው ሕዝብ ሲነሳ፣ ዛሬም «የኃጢአት ዋጋ ነው» የሚል አይጠፋም። ምስክሩ ዘዳግም 28 ነው። ያ ምዕራፍ ግን ለእስራኤል የተነገረ የኪዳን ቃል እንጂ በዋግ ገበሬ ላይ የተከፈተ የክስ መዝገብ አይደለም።

መርጦ ማንበብ ነው ጣጣው። ዘፍጥረት 41ም የሰባት ዓመት ረሃብ ይተርካል፤ የማንንም ኃጢአት ግን አይቆጥርም። ዮሴፍ ሕዝቡን አልወቀሰም፤ በጥጋቡ ዘመን ከምርቱ አንድ አምስተኛው ጎተራ ይግባ አለ እንጂ።

«የኤልያስስ ድርቅ?» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ እሱ ከኃጢአት ጋር ተያይዟል። ግን እስቲ መጀመሪያ የተከሰሰው ማነው? ንጉሡ አክዓብ ከነቤተ ሰቡ! አገሩ በረሃብ ሲጨነቅ እሱ ለፈረስና ለበቅሎው ሣር ፍለጋ ይዞር ነበር።

እኛስ ዘንድ? የ1965–66ቱን የወሎ ረሃብ ዘውዱ ሸሸገው። ደርግም በመስከረም 1977 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲደግስ፣ ያኔ ዋግን ያቀፈው ወሎ ይረግፍ ነበር። እንግዲህ «የእግዜር ቁጣ ነው» የሚለው ትርጓሜ ማንን ነጻ እንደሚያወጣ ልብ በሉ፤ ሟቹን ከስሶ ሹሙን ያሰናብታል።

ሉቃስ 13 ላይ ክርስቶስ ራሱ የሰሊሆም ግንብ የገደላቸውን 18 ሰዎች አንስቶ፣ ከሌላው የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ይናገራል። ንስሐ ግቡ ያለውም ቆመው ለሚሰሙት ነው፤ ለሞቱት አይደለም።