«ዙሩ ስንት ነው?»፦ በአራዳና በፒያሳ የቧንቧ መሞረጃ አመራረጥ ላይ የቀረበ ትችት

የብረት ቧንቧ ሲቆረጥ በአፉ ውስጥ ሹል ጠርዝ ይቀራል። ይህ ጠርዝ ካልተሞረደ የውሃውን መተላለፊያ ያጠባል፤ ደለልም ይይዛል። ለብየዳ የሚዘጋጅ ቧንቧ ደግሞ አፉ በሚገባ ካልተስተካከለ ብየዳው ሥር ሳይዝ ይቀርና ኋላ ያፈሳል። ተራው ግራይንደር በዲስኩ ስፋት ምክንያት ወደ ጠባብ ቧንቧ ሊገባ ስለማይችል፣ ይህን ሥራ የሚሠራው ቀጭን አንገት ያለውና በጫፉ ትንሽ መሞረጃ የሚሸከመው ዳይ ግራይንደር የተባለው መሣሪያ ነው። የጽሑፋችን ዓላማ መሣሪያውን ማሞገስ ሳይሆን የሚመረጥበትን፣ የሚገዛበትንና የሚከራይበትን ልማድ መመርመር ነው።

በሠራተኛ ሰፈርም ሆነ በፒያሳ ዙሪያ ይህን መሣሪያ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዙሩ ስንት ነው?» ብሎ ነው፤ ቀጥሎም ዋጋውን ይጠይቃል። ሻጩም በካርቶኑ ላይ የታተመውን ትልቅ ቁጥር ያሳየዋል። ዙር የበዛለት መሣሪያ ኃይል የበዛለት ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን መሠረት የለውም። ዙር ትርጉም የሚያገኘው ከጫፉ ስፋት ጋር ሲታሰብ ነው። 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ መሞረጃ በደቂቃ 25000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሴኮንድ 33 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚያው መሣሪያ ላይ የ75 ሚሊሜትር መቁረጫ ዲስክ ቢታሰር ፍጥነቱ ወደ 98 ሜትር ይወጣል፤ ለብዙዎቹ መቁረጫ ዲስኮች የተፈቀደው ግን 80 ሜትር ብቻ ነው። ዲስኩ ቢበተን የሚያገኘው የሠራተኛውን ዓይን ነው። ረዥም ዘንግ ያለው መሞረጃም ለጥልቅ ቧንቧ ቢያስፈልግም፣ በሙሉ ዙር ቢነሣ ዘንጉ ሊታጠፍ ይችላል። እንግዲህ ለቧንቧ ሥራ የሚሻለው ዙሩ የሚበዛው ሳይሆን ዙሩን ለመቀነስ የሚያስችለው ነው።

ሁለተኛው ቸል የተባለ ነገር ጫፉን ነክሶ የሚይዘው አንገት ነው። በሚሊሜትር የተለካና በኢንች የተለካ ዕቃ በገበያችን ተደባልቆ ይገኛል። የ6 ሚሊሜትር ዘንግና የሩብ ኢንች ዘንግ በዓይን አይለዩም፤ ልዩነታቸው 0.35 ሚሊሜትር ነውና። ሆኖም ቀጭኑ ዘንግ በሰፊው አንገት ውስጥ በትክክል አይያዝም፤ ይንቀጠቀጣል፤ የቧንቧውን አፍ ያበላሻል፤ ተስፈንጥሮም ሊወጣ ይችላል። ቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅ መላ ይመስላል እንጂ አደጋውን መሸፈን ነው።

ሦስተኛው የከተማችን ከፍታ ነው። ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በአየር የሚሠራውን ዳይ ግራይንደር የሚመርጥ ሰው በኮምፕሬሰሩ ላይ «በደቂቃ 200 ሊትር» የሚል ቢያነብ፣ በባሕር ወለል አየር ሲተመን እዚህ የሚያገኘው 150 ሊትር ያህል ነው። ያም ቁጥር ብዙ ጊዜ ኮምፕሬሰሩ የሚስበውን እንጂ የሚሰጠውን አይናገርም። መሣሪያው ጥቂት ይጮኽና ይደክማል፤ ሠራተኛውም በመሣሪያው ያሳብባል። የኤሌክትሪክ ሞተርም ቢሆን ደረጃው በተለምዶ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ስለሚወጣ፣ በሳሳ አየር ውስጥ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣለትም፤ ዕረፍት ይሻል።

«የቀን ሠራተኛ ይህን ሁሉ መርጦ የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ያመጣል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከባድ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ የብር ዋጋ ወርዷል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም ተወዷል። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ኪራይ ቢያዘነብል አያስደንቅም። ነገር ግን ኪራይ በዋስና በትውውቅ የቆመ ነው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ነዋሪውና ነጋዴው ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ሄዷል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ዋስ የሚሆንበትም ገመድ አብሮ ላልቷል። ዋስ ያጣ ሰው ደግሞ ያገኘውን ይወስዳል እንጂ አይመርጥም።

በእኛ አስተያየት መካከለኛው መንገድ መኪናውን ተከራይቶ ጫፉንና አንገቱን መግዛት ነው። መኪናው በብዙ እጅ ቢዞር ይችላል፤ ጫፍ ግን ያልቃል፤ ከቧንቧውም ዓይነት ጋር መስማማት አለበት። ጥቁር ብረት የሞረደ ጫፍ የማይዝግ ብረት ቢነካ ቅንጣቱን ይተውበታል፤ የማይዝገውም ይዝጋል። ተከራዩ ከመረከቡ በፊት ዘንጉን በእጁ ይወዝውዝ፤ ገመዱን ይመልከት፤ መኪናውን ባዶውን አስነሥቶ ድምፁን ያዳምጥ። ሞተሩ ቢቃጠል ማን እንደሚከፍል ቀድሞ በጽሑፍ ይስማሙ። ሥራው የፕላስቲክ ቧንቧ ብቻ የሆነ ሰው መግዛትም መከራየትም አያስፈልገውም፤ በየቀኑ ብረት የሚሞርድ ግን ለራሱ ቢገዛ ይጠቀማል።

«ዙሩ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቅር አንልም። ከእርሱ በፊት «ለየትኛው ቧንቧ? በየትኛው ጫፍ? በምን አየር?» የሚሉት ይቅደሙ እንላለን። እነዚህን ሳይጠይቅ የገዛም የተከራየም ሰው ዋጋውን በገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በእጁና በዓይኑ ጭምር ሊከፍል ይችላል።